ድካሜ የት ገባ?

በዚህ እትም የመረጥናቸውን አራት ደብዳቤዎች የጻፉልን ሰዎች በዕድሜም ሆነ በሥራ የማይገናኙ ናቸው። የሚጠይቁት ነገር ግን ከሥሩ አንድ ነው፤ በየቀኑ የምናፈሰው ጉልበት የዕለቱን ሥራ ከመጨረስ አልፎ እኛን ራሳችንን የሚያሳድገን መቼ እንደሆነ፣ መቼስ እንደማያሳድገን ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት መሥራት ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ወርኃዊ ሪፖርት አጠናቅራለሁ። በሥራዬ ሰነፍ የሚለኝ የለም፤ አርፍጄ አላውቅም፤ ኃላፊዬ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ሲመልስልኝም ሳላንገራግር ወዲያው አስተካክዬ አስረክባለሁ። ይሁን እንጂ ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ በችሎታዬ ላይ ምን እንደ ጨመርሁ ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም። የክፍላችን ዋና ዋና ሰነዶች ዛሬ የሚረቀቁት ከእኔ አምስት ዓመት ዘግይታ በተቀጠረች ባልደረባዬ እጅ ነው። በዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ የማደግ ዕድል ሞልቷል ሲባል እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ ድካሙ ብቻ ነው። ዕድሉ የት ነው ያለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕድሉ ያለበትን ቦታ በደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ ጽፈውታል፤ ነገር ግን የትጋትዎ ማስረጃ አድርገው ስለ ጻፉት ሳያስተውሉት አልፈዋል። ኃላፊዎ አርሞ የሚመልስልዎትን ጽሑፍ «ወዲያው አስተካክዬ አስረክባለሁ» ብለዋል። ያ ወረቀት በእጅዎ የሚቆየው ምናልባት ለአሥር ደቂቃ ነው። በእኛ ግምት ግን በወሩ ውስጥ በእጅዎ ከሚያልፉት ወረቀቶች ሁሉ ለእርስዎ ዕድገት የበለጠ ዋጋ ያለው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ችሎታዎ የት ላይ እንደሚያቆም በቀይ ቀለም አስምሮ የሚያሳይዎት ሌላ ሰነድ የለዎትም። ወዲያው አስተካክሎ መመለሱ መሥሪያ ቤቱን ይጠቅማል፤ ደብዳቤው ይታረማል። የደብዳቤው ጸሐፊ ግን እንደ ነበሩ ይቀራሉ።

ይህን የምንለው ትጋትዎን ለማሳነስ አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እየሰማን ስላደግን፣ ጊዜ ብቻውን ሥራውን የሚሠራልን ይመስለናል። ተረቱ ሳይናገር ያለፈው ነገር ግን አለ፤ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ታቅፎ ስለ ሰነበተ ነው። ማንም ያላቀፈው እንቁላል ቀኑ በጨመረ ቁጥር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ጉዳዩ በጥናት መታየት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ዊልያም ብራያን እና ኖብል ሃርተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1899 ባሳተሟቸው ጥናቶች የቴሌግራፍ (በሽቦ በሚተላለፍ የድምፅ ምልክት መልእክት የሚላክበት መሣሪያ) ሠራተኞች መልእክት የመላክና የመቀበል ፍጥነታቸው ከሳምንት ሳምንት እንዴት እንደሚያድግ ተከታትለው መዝግበዋል። የመቀበል ችሎታ በመጀመሪያ በየሳምንቱ ይጨምርና ከዚያ በኋላ፣ ተማሪው ልምምዱን ሳያቋርጥ፣ ለብዙ ሳምንታት ባለበት ይቆማል፤ በሥዕል ሲነደፍ ከዳገት በኋላ የሚመጣ ሜዳ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ሜዳውን ያብራሩት፣ ሠራተኛው ነጠላ ፊደላትን ከመስማት አልፎ ቃላትን፣ ቀጥሎም ሐረጋትን በአንድ ጊዜ መስማት እስኪችል ድረስ የሚያልፍበት ጊዜ እንደሆነ አድርገው ነው። በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ለዓመታት የሚቆዩ ሠራተኞች እንዳሉም አስተውለዋል፤ ሥራው የሚጠይቀው ፍጥነት ላይ ከደረሱ በኋላ የዕለቱ ሥራ ብቻውን ከዚያ በላይ አይገፋቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሜዳው የግድ የሚመጣ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ አስተማሪው የልምምዱን አካሄድ በሚገባ ካዘጋጀው ዳገቱ ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል። ይህ ለእርስዎ የምሥራች ነው፤ ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ የቆሙት የችሎታዎ ወሰን እዚያ ላይ ስላበቃ ነው የሚያሰኝ ምንም ምክንያት የለምና።

ብዙ የሠራ ሰው ሁሉ የተሻለ እንደማይሆን የሚያሳይ ሌላ፣ ትንሽም የሚያስደነግጥ፣ ምሳሌ አለ። በሕክምና ጥናት መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ግምገማ፣ የሐኪሞች የአገልግሎት ዘመን ከሚሰጡት ሕክምና ጥራት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመለከቱ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የተገኘው ውጤት፣ የአገልግሎት ዘመን በጨመረ ቁጥር በጥናቶቹ የተለካው የሥራ ጥራት የሚቀንስ መሆኑ ነው። እነዚህ ሐኪሞች ሰነፎች ነበሩ ለማለት አይቻልም። ዕውቀቱ ሲለወጥ እነርሱ ቀድሞ የተማሩትን በትጋት ይደግሙ ነበር ማለቱ ለእውነት ይቀርባል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንድን ሥራ ደጋግመን ስንሠራው አእምሯችን ትኩረቱን ከእርሱ ላይ ያነሣል፤ እጃችን ሥራውን ሲያውቀው ሐሳባችን ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም እርሱ ባይኖር ኖሮ እየተራመድን መነጋገር አንችልም ነበር። ችግሩ ትኩረታችን የተነሣበት ሥራ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ባለበት የሚጸና መሆኑ ነው። ፊርማዎን ያስቡ፤ በ11 ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ፈርመዋል? ከዚያ ሁሉ ድግግሞሽ በኋላ የእጅ ጽሑፍዎ አማረ? አላማረም፤ ማንም እንዲያምር አልጠየቀዎትም፣ እርስዎም አልሞከሩም። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንደርስ ኤሪክሰን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ጥናት ተራ ሥራንና ታስቦበት የሚደረግ ልምምድን የለዩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ታስቦበት የሚደረግ ልምምድ የሚባለው አሁን ከሚቻለው ትንሽ ከፍ ባለ፣ ተለይቶ በታወቀ አንድ ነጥብ ላይ የሚያተኩር፣ ስሕተቱንም ቶሎ የሚነግር ሰው ወይም መመዘኛ ያለው ሥራ ነው። ቀይ እስክሪብቶው እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አድርጎ በነፃ ያመጣልዎታል።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ለአንድ ወር ያህል የታረመውን ጽሑፍ ከመመለስዎ በፊት አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። በወሩ መጨረሻ ቅጂዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቀዩን ምልክት ብቻ ይመልከቱ። ምልክቶቹ የተበተኑ ይመስሉዎት ይሆናል፤ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግን የሚደጋገሙት ጥቂት እንደሆኑ የማየት ዕድልዎ ሰፊ ነው። ምናልባት የደብዳቤዎን ዋና ጉዳይ ሁልጊዜ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ እየጻፉት ኃላፊዎ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ምናልባት ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ዐረፍተ ነገር አጣብቀው ስለሚጽፉ እርሱ ይከፍላቸዋል። ደጋግሞ የመጣውን አንዱን ይምረጡና ስለ እርሱ ብቻ ኃላፊዎን ይጠይቁ። አጠያየቅዎ ዋጋ አለው፤ «ሥራዬ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» የሚል መልስ አግኝተው ይመለሳሉ፤ «ይህን አንቀጽ ወደ ላይ ያወጡት ለምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ግን ሰውየው በልቡ የያዘውን መመዘኛ ለመናገር ይገደዳል። ለ11 ዓመት ሲታረሙበት የኖሩትን ሕግ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል ሲነገር ይሰሙት ይሆናል።

ለጽሑፍ ሥራ ደግሞ አርአያ የሚሆን አንድ የታወቀ ሰው አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አሜሪካዊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሠራተኛ በነበረበት በወጣትነቱ፣ የሚያደንቀውን የአንድ መጽሔት ጽሑፍ ይወስድና የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭር ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ጥቂት ቀናት ካሳለፈ በኋላ ዋናውን ሳያይ ከማስታወሻው ብቻ ጽሑፉን በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፋል፤ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያይቶ የጎደለበትን ያርማል። ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ አደበላልቆ ከሳምንታት በኋላ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ የሚታገልበት ጊዜም ነበር፤ ይህንንም ያደርግ የነበረው ሐሳብን ማደራጀት ለመማር ነው። ጊዜው የሚያገኘው ከሥራ በኋላ ማታ ወይም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለዳ ላይ ነበር። እርስዎ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለዎት። ባልደረባዎ ካረቀቀቻቸው ሰነዶች አንዱን ወስደው የጉዳዩን ፍሬ ነገር ብቻ ይመዝግቡ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በራስዎ ይጻፉትና ከእርሷ ጽሑፍ ጋር ያስተያዩት። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ የሚቀጥለው ወር ሥራዎ ነው። በባልደረባዎ መቅደም የተሰማዎት ቅሬታ በዚህ መንገድ ቢያንስ አንድ ጥቅም ይሰጥዎታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብን፤ ይህም የብዙ ሰዎችን ድካም ከንቱ የሚያደርግ ነገር ስለሆነ ነው። ዕድገት ከምናስበው በላይ ጠባብ ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ ጥናት፣ አንድ ተማሪ በሴኮንድ አንድ እየሆኑ የሚነበቡለትን አኃዞች ሰምቶ በቅደም ተከተል እንዲመልስ ያለማምደው ነበር። ሲጀምር የሚይዘው እንደ ማንኛውም ሰው 7 አኃዝ ያህል ነበር፤ በ20 ወር ገደማ ውስጥ 230 ሰዓት ያህል ከተለማመደ በኋላ 79 አኃዝ ደረሰ። ምሥጢሩ ተማሪው ሯጭ መሆኑ ነበር፤ የሚሰማቸውን አኃዞች በሦስትና በአራት እየቧደነ ወደ ሩጫ ሰዓት ይለውጣቸዋል፤ 3492 ለእርሱ 3 ደቂቃ ከ49.2 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር ያህል) የሚሮጥ ፈጣን ሯጭ የሚገባበት ሰዓት ነው። ይህ ሰው በአኃዝ ፋንታ ፊደላት ሲነበቡለት ግን የሚይዘው ወደ 6 ገደማ ወረደ። የማስታወስ ችሎታው በጠቅላላው አልጠነከረም፤ የጠነከረው የሠራበት ብቻ ነው። ስለዚህ 11 ዓመት በፍጥነት መተየብ ማርቀቅን አያስተምርም፤ በሰዓቱ መገኘትም ቃለ ጉባኤን ግልጽ አያደርግም። የሚፈልጉት የማርቀቅ ችሎታ ከሆነ መድከም ያለብዎት በማርቀቅ ላይ ነው። ከዚሁ ጋር፣ ተማሪው የተጠቀመው ከዚህ ቀደም በሚያውቀው ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ። እርስዎም ባዶ እጅዎን አይጀምሩም፤ የ11 ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዳመጠ ሰው፣ ስብሰባ የት ላይ እንደሚጣበቅና ሰዎች ምን እንደሚረሱ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቃለ ጉባኤን ካነሣን፣ ዕድሉ ቀይ ቀለም ሳይቀባም ይመጣል። ቃለ ጉባኤውን ካሰራጩ በኋላ «ታዲያ የተወሰነው ምንድን ነው?» ብሎ የሚደውልልዎት ሰው አለ? ያ ስልክ የሥራ ማቋረጫ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ጽሑፍዎ ያልመለሰውን ጥያቄ በነፃ የነገረዎት አንባቢ ነው። እንዲሁም በየወሩ ሪፖርቱን ሲያጠናቅሩ «ይህችን ቦታስ» ብለው ወደ መጨረሻ የሚገፏት፣ ወይም ለሌላ ሰው የሚያሳልፏት ክፍል ትኖራለች። ሰው የሚሸሸው ከባዱን ሥራ ብቻ አይደለም፤ አለመቻሉ የሚታይበትንም ይሸሻል። በሚቀጥለው ወር እርሷን መጀመሪያ ይሥሯት።

ይህ ሁሉ በቀን ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዲወስድብዎት አንመክርም። ቀሪውን ሥራዎን እንደ ወትሮው በለመደ እጅ ይሥሩት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላሻሽል የሚል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሲተወው አይተናል፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱም የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ከትምህርቴ ጎን ለጎን አሥሩንም ጣት ተጠቅሜ ታይፕ ማድረግ እየተማርሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስትና ሰባት ሰዓት ተቀምጬ እለማመዳለሁ፤ ማታ ስነሣ ብዙ እንደ ተራመድሁ ይሰማኛል፤ በሳምንቱ ስመለስ ግን እንደገና ከመጀመሪያው የምጀምር ያህል ነው። ጓደኛዬ በየቀኑ አንድ ሰዓት ብቻ እየሠራ፣ ሁልጊዜም «ምንም አልተሻሻልሁም» እያለ እያማረረ ቀድሞኛል። ከእኔ ድካም የእርሱ ምሬት በምን በለጠ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥያቄህ ከመቅረቡ ብዙ ዓመታት በፊት ማለት ይቻላል ቃል በቃል መልስ አግኝቷል። በብሪታንያ የፖስታ ሠራተኞች የታይፕ ኪቦርድ እንዲማሩ በተደረገ ጊዜ፣ አለን ባድሊ እና ባልደረባው ሠራተኞቹን በአራት ምድብ ከፍለው አሠልጥነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመዋል። አንደኛው ምድብ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ሲማር፣ ሌላው በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አራት ሰዓት ይማር ነበር። የፊደሎቹን ቦታ ለማወቅ የመጀመሪያው ምድብ በአማካይ 35 ሰዓት ያህል ሲበቃው፣ በቀን አራት ሰዓት የተቀመጠው ምድብ ግን 50 ሰዓት ያህል አስፈልጎታል። ከዚህ ይበልጥ አንተን የሚመለከትህ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሠልጣኞቹ ስለ አሠለጣጠናቸው ሲጠየቁ ከሁሉ ያነሰ ደስታ የገለጹት፣ በሰዓት ሲሰላ ከሁሉ የበለጠ የተማሩት የአንድ ሰዓቶቹ ናቸው፤ በቀን ሲቆጠር ከሌሎቹ ወደ ኋላ የቀሩ ስለሚመስላቸው ነበር። የጓደኛህ ምሬት ከእነርሱ ምሬት ጋር አንድ ነው።

ቅዳሜ ማታ የሚሰማህ የመራመድ ስሜት ሐሰት አይደለም፤ ያን ዕለት ማታ በእርግጥም ፈጥነሃል። ነገር ግን እጅህ የሞቀበት ፍጥነት ነው እንጂ የቀረልህ ፍጥነት አይደለም። በማንበብ ለሚደረግ ጥናትም ነገሩ ያው ነው። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ተገኙ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ጽሑፉን አስቀምጠው ያስታወሱትን ሁሉ ለመጻፍ ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። እንዲያውም ደጋግመው ያነበቡት በደንብ እንደሚያስታውሱ ይበልጥ እርግጠኞች ነበሩ። እንግዲህ ዕድገትህን ማታ ስትነሣ አትለካው። በማግሥቱ ስትቀመጥ፣ እጅህ ሳይሞቅ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ስንት ቃል እንደ ጻፍህና ስንቱን እንደ ተሳሳትህ መዝግብ። የቅዳሜውን ሰባት ሰዓት በሰባቱ ቀናት ላይ አካፍለው፤ መማረሩ ደግሞ ከመጣ ይምጣ፣ የጓደኛህን ፍጥነት አልቀነሰበትም።

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ሠራተኞች ሲለቁ ምትክ አልተቀጠረም፤ ሥራቸው በእኔ ላይ ተጨመረ። አለቃዬን ባነጋገርሁ ቁጥር «ይህ ለአንቺ የማደግ ዕድል ነው፣ እንደ ሸክም አትይው» ይለኛል። እኔ ግን ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼን ለማናገር እንኳ አቅም አጣለሁ። ዕድልን እንደ ሸክም የማይ ደካማ ሰው ሆኜ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ አይደለም። «የማደግ ዕድል» የሚለው አነጋገር በሠራተኛው አፍ ሲሆን ጥያቄ ነው፤ በአለቃ አፍ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ስም ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ሥራው ምን ያህል አደከመኝ ብለው አይጠይቁ፤ ድካም ከሁለቱም ይመጣልና። የተጨመረው ሥራ አሁን የማይችሉትን ነገር እንዲችሉ ይጠይቃልን? ዕቃ መቁጠርና ካርድ መሙላት የሚችል ሰው የሦስት ሰዎችን ዕቃ ቢቆጥርና ካርድ ቢሞላ የሚያገኘው ብዛትን እንጂ ችሎታን አይደለም። ሁለተኛም፣ ቢሳሳቱ መለስ ብለው ለማየት ጊዜ አለዎትን? ከላይ ለጸሐፊዋ ጠያቂያችን የመከርነው ሁሉ ሃያ ደቂቃ ሰላም ያለው ሰው የሚያደርገው ነው። ፋታ የሌለው ሰው ስሕተቱን የሚያየው ሌላው ከሥራ ሊያስወጣው ሲያነብበት ብቻ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ስሕተት ደግሞ ሰው ፍርሃት እንጂ ሌላ አይማርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ፣ ከሥራ የሚመጣ የኃይል መሟጠጥን በሽታ ነው ባይልም ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ መዝግቦታል፤ ምንጩንም በሚገባ መልክ ያልተያዘና የዘለቀ የሥራ ቦታ ጫና ነው ይለዋል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የኃይል ማለቅ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅ ወይም ሥራውን ማማረር፣ እና የሥራ ውጤታማነት ማነስ። ልጆችዎን ለማናገር አቅም ማጣትዎ የመጀመሪያውን ይመስላል፤ ከሐኪም ጋር ቢመካከሩበት መልካም ነው። ከአለቃዎ ጋር በሚቀጥለው ጊዜ ሲነጋገሩ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ይቀበሉትና ዝርዝሩን ይጠይቁ፤ ይህ የማደግ ዕድል ከሆነ ምን እንደምማር፣ ማን እንደሚያስተምረኝ፣ የትኛው የቀድሞ ሥራዬ እንደሚነሣልኝ፣ ስጨርስስ የሥራ መደቤ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበሉ። ዕድሉ እውነተኛ ከሆነ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይጠፋም። መልስ ከጠፋ ደግሞ እርስዎ የሚነጋገሩት ስለ ሥራ ጫናና ስለ ክፍያ ነው፤ ያንን ውይይት በሠራተኛ መብት እንጂ በግል ዕድገት ስም መምራት የለብዎትም።

በቤትዎ የሚያሳልፉትን ምሽትም ወደ ማደጊያ ጊዜ ለመለወጥ አይጨነቁ። ያለ አንዳች ትርፍ ከልጆች ጋር መቀመጥ ምክንያት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ የተውሁትን ክራር እንደገና መማር ጀምሬአለሁ። አንድ ነገር ለ21 ቀን ያለማቋረጥ ከተሠራ ልማድ ይሆናል ስለተባልሁ ቆጥሬ ጀመርሁ፤ በ17ኛው ቀን አሞኝ ሳልለማመድ ቀረሁ። ከአንድ ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ ክቡር አባታችን፣ ቁጥሩን ይተዉት። 21 ቀን የሚለው የመጣው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የመልክ ማስተካከያ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ከጻፈው አስተያየት ነው፤ ሐኪሙ ያለው ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ማስተዋሉን ነበር። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ቢያንስ» የምትለዋ ጠፋች፤ መልክን ስለ መልመድ የተነገረውም ለማንኛውም ልማድ ሆነ። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አዲስ ተግባር ሳይታሰብበት እስከሚሠራ ድረስ የሚወስደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ አግኝተውታል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን የሚደርስ ነው (ከ12 ሳምንት የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው፣ በመካከል አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መጽናት ያን ያህል እንደማይጎዳው ነው።

ነገ ከ18ኛው ቀን ይቀጥሉ። ያመለጠዎትን ለማካካስ ብለው ግን እጥፍ አይለማመዱ፤ ከሕመም ገና ያገገመ ጣት ክሩን ያለ ልክ ሊጫን ይችላል፣ ያንንም የተጨነቀ አያያዝ ማስረሳት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆንብዎታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ቅኝቱን በማስተካከልና አንድ የለመዱትን ዜማ በዝግታ በመጫወት ያሳልፏቸው፤ ዜማው የሚሰናከልብዎትን ቦታ ሲያገኙ እዚያ ላይ ቆመው ያችኑ ክፍል ብቻ ይደጋግሟት።